መጀመሪያ ቁልፉን አምጡ

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ስለ መኪና አደጋ ወሬ ተነሣ። ሕግ የተማረ የምወደው ዘመዴ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «ጠጥቶ የነዳን ሰው ወህኒ መወርወር ምንም አይፈይድም» አለ። «ቤቱ ይታሰር። እግሩ ላይ የኤሌክትሮኒክ አልቦ ይግባለት፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት ብቻ ይበል። ልጆቹ አባታቸውን አይጡ፤ መንግሥትም እስረኛ ከመቀለብ ይረፍ።» በዙሪያው የነበሩት ተስማሙ። አንዲት እናትም «እውነቱን ነው፣ ሰው ይሳሳታል» አሉ። እኔ ዝም አልኩ፤ ሐዘንተኛ ፊት አይጮኽም። አሁን ግን ከለቅሶው ቤት ወጥቻለሁ፤ እጮኻለሁ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ቤቷ ታስራ የምትኖር ሴት አውቃለሁ። ከአልጋዋ እስከ በሯ አራት እርምጃ ነው። አራቱን እርምጃ ብቻዋን መራመድ አትችልም። አንድም ነገር አልጠጣችም፤ ልታስቀድስ በጾም አፏ ወጥታ ስለነበር ውኃ እንኳ ከንፈሯን አልነካውም። ማንም አልከሰሳትም፤ ማንም አልፈረደባትም። አመክሮ የላትም፣ ይግባኝ የላትም፣ የምትፈታበት ቀንም የላትም። ስለ ቤት እስር ልታስተምሩኝ የምትፈልጉ ሁሉ መጀመሪያ የእሷን በር አንኳኩ።

ይህች ሴት እቴቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ። የምትኖረው ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በአንዱ ነው። በየትኛው እንደሆነ አልጽፍም፤ በሦስቱም ያው ነውና። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ፣ ሦስቱም የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ተብለዋል። ስማቸው ተቀየረ እንጂ ኑሯቸው አልተቀየረም። የአዲስ አበባ ኪራይ ያባረረው ሰው እዚህ ያድራል፤ ሥራው እዚያ ነው፣ ድግሱ እዚያ ነው፣ መጠጡም እዚያ ነው። ጠጥቶ የሚመለሰው ግን በእኛ ደጅ ነው።

የሚመለስበትን ሰዓት አውቀዋለሁ። እሑድ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ምሽት የተጀመረው ሲያልቅ፣ ጭፈራ ቤቱ ሲዘጋ፣ «አሁን መንገዱ ባዶ ነው» ተብሎ ሞተር የሚነሣበት ሰዓት። መንገዱ ግን ባዶ አይደለም። በዚያው ሰዓት የኪዳን ደወል ይደወላል፤ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጣሉ። ሱብሂ የሚሰግዱ አባቶች ይወጣሉ። የሰበታ ፋብሪካ ሠራተኞች በየማዞሪያው ሰርቪስ ይጠብቃሉ። ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በሱሉልታ ብርድ፣ ነገ ባንዲራችንን ያውለበልባሉ የምንላቸው ልጆች በአስፋልቱ ዳር ይሮጣሉ። የዚህች አገር ጨዋዎችና የዚህች አገር ሰካራሞች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። አንዱ በእግሩ ነው፣ ሌላው አንድ ቶን ተኩል ብረት ይዟል።

እቴቴ በዚያ ሰዓት ስትገጭ ነጠላዋ ነጭ ነበር። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨለማ ነበር እንዳይባል፣ ነጭ ነገር በመኪና መብራት ከሩቅ ይታያል። ሌላው ሁሉ አይቷታል። አብረዋት የነበሩት ሁለት ሴቶች ወደ ዳር ዘለሉ፤ እሷ ጉልበቷ ትንሽ ያማት ስለነበር ዘገየች። ዳሌዋና ቀኝ እግሯ ተሰበረ፣ ወገቧ ተጎዳ። ሹፌሩ ከመኪናው ሲወርድ መቆም አቅቶት በሩን ይዞ ነበር። ይህን ያዩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሽታውን እነሱ ብቻ ሳይሆኑ እኔም ደርሼ አሽትቻለሁ።

ትንፋሹን ግን ማንም አልለካውም። መለኪያ አልነበረም። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቃሉን ሲሰጥ ፊቱን ታጥቦ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ልብስ ቀይሮ ነበር። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ምክንያት «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» የሚል ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ውሻውም አልጮኸም።

ይህ የአንድ ጣቢያ ወይም የአንድ ፖሊስ ድክመት ቢሆን ኖሮ ስሙን ይዤ ደጁ በቆምኩ ነበር። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። አልኮል ምስክር አይደለም፤ ይተናል። የሰው አካል በአማካይ በሰዓት 0.15 ግራም ያህል ከአንድ ሊትር ደም ያስወግዳል። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የስካርን ወሰን በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አድርጎት ነበር። እንግዲህ አስሉት። አደጋውን ሲያደርስ 1.2 ግራም የነበረበት ሰው ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲለካ 0.75 ነው። በዚያ ደንብ ፊት አልሰከረም። ቁርስ እስኪበላ ብቻ ጠብቃችሁ ከወንጀሉ ግማሹን አነጻችሁለት።

ወሰኑ ራሱ ያንገበግበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አሽከርካሪ 0.5፣ ለወጣትና ለአዲስ አሽከርካሪ 0.2 ይመክራል። 0.8 ግራም ያለበት ሰው እጁ ይዘገያል፣ ዓይኑ የሚያየው ይጠብበታል፣ ልቡ ግን በራሱ ይተማመናል። ይህን ሰው ደንቡ «ይለፍ» ብሎት ነበር።

ዘመዴ ሕግ ያውቃል፤ እኔም ከእቴቴ አልጋ አጠገብ ሆኜ ተምሬዋለሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይመለከታል። ንዑስ አንቀጽ ሦስት፣ ገዳዩ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ነገር ራሱን ኃላፊነት የማይሰማው አድርጎ ከሆነ፣ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይላል። ጠንካራ ሕግ ነው፤ ጸሐፊዎቹን አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስካሩ ካልተለካ ማን ሰከረ ይባላል? ክሱ ወደ ንዑስ አንቀጽ ሁለት ይወርዳል፤ እዚያ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። እቴቴ ደግሞ አልሞተችም። ስላልሞተች አንቀጽ 543 አይመለከታትም፤ ጉዳዩ በቸልተኝነት አካል ማጉደል ሆነ፤ የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ ተጸጽቷል ተባለ፤ ቅጣቱ በገደብ ቀረ። በመኖሯ ቀለለለት። ይህን ለእሷ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ለሁለት ሳምንት ዋሽቻታለሁ።

በገደብ የተለቀቀው ሰው በዚያው ሳምንት በሰፈራችን ሲነዳ አየሁት።

አሁን ዘመዴ የቤት እስር ይለኛል። የማንን ቤት? ይህ ጥያቄ ለእኔ ትልቁ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ግቢው በድንጋይ የታጠረ፣ ጀነሬተር ያለው፣ ሳሎኑ እንደ አዳራሽ የሆነ ቪላ አለ። ባለቤቱ ሰክሮ ሰው ቢገጭና ሦስት ወር ቤትህ ተቀመጥ ቢባል የሚያጣው ምንድን ነው? ወዳጆቹ ይመጡለታል። በቡራዩ ደግሞ አራት በአራት የሆነች የጭቃ ቤት ተከራይቶ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር የሚኖር የሚኒባስ ሹፌር አለ። መጸዳጃው ከሰባት አባወራ ጋር የጋራ ነው፤ ከበሩ ሃያ እርምጃ ይርቃል። አልቦው እዚያ ሲደርስ ይጮህ ይሆን? መብራት ሲጠፋ በምን ይሞላል? ኔትወርክ ሲቋረጥ አምልጧል ይባል ይሆን? አንድ ቅጣት ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ጉድጓድ ከሆነ ፍርድ አይደለም።

ታሪካችንም ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የቁም እስር በዚህች አገር የመኳንንት ቅጣት ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው በራስ ካሳ እጅ ፍቼ ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ፍቼ የሚወስደው መንገድ ዛሬም በሱሉልታ በኩል ነው። በግዞት ላይ ሆነውም ክብራቸው የተጠበቀ ነበር። በ1924 ዓ.ም. አምልጠው እንደገና እስኪያዙና ወደ ጋራ ሙለታ እስኪላኩ ድረስ ያ ቤት ከወህኒ ይልቅ ለግዞት ቤተ መንግሥት ይቀርብ ነበር። ለተራው ሰው የነበረው ሌላ ነው፤ ቁራኛ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ባለ ዕዳና አበዳሪ በሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጨካኝ ሥርዓት ነው፤ ይመለስ አልልም። ነገር ግን በውስጡ አንድ እውነት ነበር፤ በዳዩ ከተበዳዩ ዓይን አይርቅም ነበር። የዛሬው ነገር ተገላብጧል። ቃሉን እንኳ ለተጎጂዋ አውርሰናታል። እቴቴን «የአልጋ ቁራኛ» ነው የሚሏት። ሰንሰለቱ በእሷ በኩል ብቻ ቀርቷል፤ በሌላው ጫፍ የታሰረ ሰው የለም።

ስለ ሚስቶቹም ልናገር። የቤት እስር ሲባል ዘበኛው ማን ነው? ሚስቱ ናት። ጠጪ ባል ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጦ ሲናደድ ጡጫው የሚያርፈው የት ነው? መውጣት ቢከለከልም መጠጥ ወደ እሱ ይመጣል። ሕፃን ልጅ በላስቲክ ጠርሙስ አረቄ ይላካል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ግን በሰፈሬ የስምንት ዓመት ልጅ ከአረቄ ቤት ሲመለስ «ለአባዬ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከአስፋልቱ ያነሣነውን አደጋ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥነው ማለት ነው። መንግሥት የማይችለውን ጥበቃ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መጫን ለእኔ ርኅራኄ አይደለም።

ዘመዴ በድንኳኑ ውስጥ ስዊድንን ጠቀሰ። ልክ ነው፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይህንን ስትሞክር በብዛት ያሰረችው ጠጥተው የነዱትን ነበር። ያልነገረን ግን ብዙ ነው። እዚያ ወሰኑ 0.2 ግራም ነው። ፖሊስ አደጋ ሳይደርስ በፊት በየመንገዱ አስቁሞ ትንፋሽ ይለካል። ቤቱ የታሰረው ሰው አንዲት ጠብታ አይቀምስም፤ ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ ደርሶ ትንፋሹን ይለካዋል፤ ከቀመሰ ቀሪውን ወህኒ ይጨርሳል። ገቢ ያለው ደግሞ በየቀኑ ለወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ 50 ክሮነር እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። እንግዲህ ዘመዴ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ የመረጥከው የትኛውን ነው? አልቦውን ብቻ ነው የመረጥከው። ቤቱን ተውሰህ መለኪያውን፣ ክትትሉንና ካሣውን እዚያው ትተኸው መጣህ።

ስለ ካሣ ካነሣን፣ በ2005 ዓ.ም. የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ሲወጣ ለሰው ሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት ጣሪያው 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት ጣሪያው 100,000 ብር ነበር። ሁለት ጊዜ አንብቡት። የእቴቴ ዳሌ ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ያነሰ ዋጋ ነበረው። ለአስቸኳይ ሕክምና የተመደበው 2,000 ብር የመጀመሪያውን ሌሊት እንኳ አልተሻገረም። የቀረውን ሰባት ዓመት የከፈልነው እኛ ነን፤ ልጇ ከኮሌጅ አቋርጣ፣ እኔ ከደመወዜ ቆርሼ፣ ዕድሯ ደርሶላት፣ ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው እያገላበጧት።

ሰው ጨካኝ ይለኛል ብዬ አልፈራም፤ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ወህኒን አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ጠጥቶ አያውቅም፤ ባለንብረቱ «ፍሬኑን በሚቀጥለው ሳምንት አሠራዋለሁ» እያለ ሲያቆየው ቁልቁለት ላይ ሰው ሞተበት። ስንቅ ሳመላልስለት ሁለት ዓመት ቆሜያለሁ። ከገባበት የወጣው ሌላ ሰው ነው። ለእሱ ዓይነቱ ሰው ዘመዴ የሚለውን ሁሉ እቀበላለሁ። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 103 እና 104 ከስድስት ወር ለማይበልጥ ቀላል እስራት ምትክ የሚሆን የግዴታ ሥራ አለው፤ በአንቀጽ 145 አንድን ጥፋተኛ ከተወሰኑ ቦታዎች የሚያግድ ሥልጣን ለዳኛ ሰጥቷል። ዳኞች ይጠቀሙበት። ማንንም ሳይጎዳ በፍተሻ የተያዘ ጠጪ ቤቱ ከሚተኛ፣ አቤት ወደሚባለው የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና ሆስፒታል ሄዶ ቅዳሜና እሑድ በሽተኛ በተሽከርካሪ ወንበር ይግፋ፤ እግሩ የተቆረጠ ወጣት ሽንት ቤት ይውሰድ። ሦስት ወር ይህንን ያደረገ ሰው ድራፍት ሲቀዳለት የሚያስበው ነገር ይኖረዋል። ጠጥቶ ሰው ያጠፋና አካል ያጎደለ ግን በሳሎኑ ተቀምጦ የፍርድ ጊዜውን አይቁጠር።

መብራት ጠፍቶ፣ ፍሬን ተበጥሶ፣ ልጅ ዘሎ ገብቶ የሚደርስ አደጋ ስህተት ነው። ጠጥቶ ቁልፍ ማንሣት ስህተት አይደለም። ቁልፉ በኪስ ነበር፤ እጅ ገብቶ አወጣው። ታክሲ ነበር፣ ወዳጅ ነበር፣ ማደሪያ ነበር፣ ሁለት ሰዓት መተኛት ነበር። እያንዳንዷ እርምጃ ምርጫ ነበረች። እናትዬዋ በድንኳኑ ውስጥ «ሰው ይሳሳታል» ሲሉ የተቃጠልኩት ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በአገራችን በአንድ ዓመት በመንገድ አደጋ የሞተውን ሰው ከ27 ሺህ በላይ ገምቶታል። በመንግሥት በኩል የተመዘገበው 4,352 ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል ውስጥ ያልተቆጠሩ ሰዎች ተኝተዋል። ካልቆጠርናቸው መካከል ስንቱን መጠጥ እንደገደለው ደግሞ «ለእግረኛ ቅድሚያ ባለመስጠት» የሚለው ሐረግ ሸፍኖታል። ሕዝቡ ግን ያውቃል፤ ለሲኖትራኩ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣው በጨዋታ አይደለም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በምሽት አሽከርካሪ አስቁማ ትንፋሽ መለካት ጀምራለች። ጥሩ አደረገች። ነገር ግን ትንፋሹ የከተማ ወሰን ላይ አይቀርም። ሰካራሙ ከአዲስ አበባ ክልል ወጥቶ ወደ ኦሮሚያ ሲገባ ደሙ ያው ደም ነው፤ የሚቀየረው የፖሊሱ መለዮ ብቻ ነው። ዓለም ገና ላይ፣ አሸዋ ሜዳ ላይ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል ሱሉልታ ሲገባ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ከ8 እስከ 12 ሰዓት መለኪያ የያዘ ሰው ይቁም። አደጋ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልተለካ ትንፋሽ እንዳይኖር ሕግ ይውጣ፤ ለመለካት እንቢ ያለ እንደ ሰከረ ይቆጠር። ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ አገር ናት፤ ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ለውጭ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ቢራ ለዚህን ያህል ገንዘብ በሚሸጥበት አገር የትንፋሽ መለኪያ የሚገዛበት ብር የለም የሚለኝን አልሰማም።

በዚያችው በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። ነጭ በትር ይዘው አስፋልት የሚሻገሩትን ልጆች ቆሜ አይቻለሁ። ዓይናቸው ጆሯቸው ነው። መኪናው ሲቀንስ ድምፁን ሰምተው ያምኑታል፣ አምነውም እግራቸውን ያነሣሉ። የምንነዳ ሁሉ የእነዚህን ልጆች እምነት ይዘን ነው የምንነዳው። አንዱ ይህን እምነት በብርጭቆ ሲሸጠው እያየሁ፣ ስለ ሳሎኑ ምቾት ልጨነቅ አልችልም።

መንጃ ፈቃዱም ይወሰድ። ወረቀቱ ተወስዶ ቁልፉ ኪሱ ከቀረ ከንቱ ነው፤ መኪናው ራሱ ይታሰር። ሰሌዳው ተፈትቶ በጣቢያ ግቢ ይቁም። ቤት እስር ያማራችሁ እንደሆነ መኪናውን እሰሩት፤ እሱ ሚስት አይመታም፣ ልጅን ለአረቄ አይልክም፣ ሸሽቶም አያመልጥም። የኦሮሞ ሽማግሌዎች በጉማ ሥርዓት ገዳይና የሟች ቤተሰብ እስኪታረቁ በአንድ ገበያና በአንድ መንገድ እንዳይገናኙ ያደርጋሉ፤ ዞር የሚለውም ገዳዩ ነው። ከዚህ ብዙ የምንማረው አለ። እኛ ሰፈር ግን እቴቴ ከመንገዱ ጠፋች፤ እሱ ቀረ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እቴቴ ግን ይቅር ብላዋለች፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም። በአደጋው ዓመት መጨረሻ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አራት አዛውንት፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት የእሱ ወንድሞች። ድንጋይ ተሸክሞ አልጋዋ ሥር ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ተናገሩ። እሷ ሁሉንም አዳመጠችና እጇን ዘርግታ ድንጋዩን ከአንገቱ አስወረደችው። «ተነሥ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አለችው። እናቴ አለቀሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችው። «ልጄ፣ አሁንም ትነዳለህ?»

አንገቱን ደፋ። ቄሱ «በሉ እንግዲህ ጸሎት እናድርግ» አሉ፤ አደረግን። ቡና ተጠጣ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ። ከቤት ሲወጡ በሩን ክፍት ተዉት። ከግቢው ውጭ በር ተከፍቶ ተዘጋ፤ ሞተር ተነሣ። እቴቴ ብርድ ልብሷን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ድምፁ ኮረብታውን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ወደ በሩ ታይ ነበር።